ስንት ሰዓት ያልቃል?

እንደምን አመሻችሁ።

የዚህ ምሽት ጥሪ በቴሌግራም ሲለቀቅ ከሥሩ የተጻፈውን ሁሉ አንብቤ ነበር። ወንዶቹ "ፓርኪንግ አለ?"፣ "መግቢያው ስንት ነው?" ብለዋል። አንዱ "ሻይ ቡና ይኖራል?" ብሏል። አለ፤ ትንሽ ታገሱ። ሴቶቹ ግን ከሞላ ጎደል የጠየቁት አንድ ነገር ነው። "ስንት ሰዓት ያልቃል?" አዘጋጆቹ "1:30 አካባቢ" ብለው መለሱ። ከዚያ አንዷ "ኧረ ይመሻል፣ ይቅርብኝ" ብላ ጻፈች። ዛሬ እዚህ የለችም ማለት ነው።

ማን እንደሆነች አላውቅም። ዛሬ የማወራው ግን ስለ እሷ ነው።

ሥራዬ የከተማ ፕላን ነው። መንገድ፣ ፌርማታ፣ የእግረኛ መሄጃ ሲታቀድ ከሚሰበሰቡት ሰዎች አንዷ ነኝ። ስብሰባ ላይ የምናወራው ስለ ሦስት ነገር ነው፤ ስንት ኪሎሜትር፣ ስንት ደቂቃ፣ ስንት ብር። ሰው ግን ከቤቱ ሲወጣ አራተኛ ሒሳብ ይሠራል። እዚያ ጋ ይነጥቁኛል? አጠገቤ ማን ይቀመጣል? ከታክሲ ወርጄ እስከ በሬ ድረስ ምን አለ? ይህን ሒሳብ በየቀኑ ይሠራዋል። እኛ በየጥናቱ እናልፈዋለን። የእኔ ክርክር አጭር ነው፤ ፍርሃቱን ካልቆጠርነው ትራንስፖርቱንም በትክክል አልቆጠርነውም።

እስቲ ከምሽቱ 1:30 ሜክሲኮ ታክሲ ተራ አካባቢ ቁሙና ወደ ቤቷ የምትሄድ አንዲት ሴት ተመልከቱ። አታፍጡባት እንጂ ተመልከቱ። ቦርሳዋን ወደ ፊት አዙራ አቅፋዋለች። ስልኳ እጇ ላይ የለም። ሚኒባስ ይመጣል። ረዳቱ "ጀሞ! ጀሞ! ሁለት ሰው!" እያለ ይጣራል። ወዲያው አትገባም። መጀመሪያ ጎንበስ ብላ ውስጡን ታያለች። ሴት አለች? ስንት ወንድ ነው? ታፔላው የት ይላል? ረዳቱን ታውቀዋለች? መስታወቱ ጠቁሯል? ይህ ሁሉ የሁለት ሴኮንድ ሥራ ነው። ከዚያ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ትላለች። "አትገቢም እንዴ?" ይላታል ረዳቱ። "ሰው እየጠበቅኩ ነው" ትለዋለች። የምትጠብቀው ሰው የለም።

ታክሲው ይሄዳል። እሷ ሌላ ሃያ ደቂቃ ትቆማለች።

አሁን ክሊፕቦርድ የያዘ መረጃ ሰብሳቢ ይመጣል። "እህቴ፣ ታክሲ ለማግኘት ስንት ደቂቃ ጠበቅሽ?" "ሃያ ደቂቃ።" ይጽፋል። በወሩ መጨረሻ ሪፖርቱ "በምሽት የታክሲ እጥረት አለ" ብሎ ይወጣል። መፍትሔውም "ተጨማሪ ተሽከርካሪ" ይሆናል። እጥረት ግን አልነበረም። ታክሲው መጥቶ፣ ቦታ ኖሮት፣ ተጣርቶ ሄዷል። ያልገባችው እሷ ናት። አንድ መቶ ታክሲ ብትጨምሩላት አንድ መቶውንም ጎንበስ ብላ ነው የምታየው።

ይህን ጥንቃቄ ከየት አመጣችው? ከእናቷ ሊሆን ይችላል። በ2007 ዓ.ም. መጀመሪያ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ሚኒባስ ተሳፍራ የተጠለፈችውንና በኋላ ሕይወቷ ያለፈውን ተማሪ ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። ስሟን አልጠራም፤ ቤተሰቧን በቂ ጊዜ አስለቅሰናቸዋል። ከዚያ ወዲህ በየቤቱ አንድ ምክር ጸና። "ሰው የሌለበት ታክሲ ውስጥ እንዳትገቢ።"

ጥሩ ምክር ነበር። ሿሿ እስኪመጣ ድረስ።

ሿሿን የማያውቅ አዲስ አበቤ ያለ አይመስለኝም፤ ከክፍለ ሀገር ለመጡ እንግዶቻችን ግን ልንገራቸው። ታክሲው ባዶ አይደለም። ሦስት አራት "ተሳፋሪ" አለው። ደህና የለበሱ፣ አንዳንዴም ሴት ያለችበት። ገብተህ ገና ሳትደላደል "ወንድሜ፣ በሩ አልገጠመም፣ እስቲ ሳብ አድርገው" ይሉሃል። ወይም "ትራፊክ አለ፣ ዝቅ በልልን"። አንተ ከበሩ ጋር ስትታገል ጎንህ ያለው ሰው ከኪስህ ጋር ይነጋገራል። ትንሽ እንደሄዳችሁ "ይቅርታ፣ በዚህ አንሄድም፣ እዚህ ውረድልን" ይሉሃል። ሒሳብም አይጠይቁህ። በጨዋ ደንብ ነው የሚሸኙህ። ኪስህን የምትዳስሰው ታክሲው ከታጠፈ በኋላ ነው።

ሿሿ የወሰደብን ስልክ ብቻ አይደለም። ደንባችንንም ወስዶብናል። "ሰው ያለበት ታክሲ" ደህና ነው ተብሎ ነበር፤ ይኸው ሰዎቹ ራሳቸው ሌቦች ሆኑ። "ሴት ካለች ግቢ" ተብሎ ነበር፤ ሴትም አለችበት። ባዶው ያስፈራል፣ ሙሉውም ያስፈራል። የቀረው ምንድን ነው? ተራ አስከባሪ የሚያውቀው፣ ከሰልፉ ላይ የተጫነ ታክሲ ነው። ስለዚህ በመንገድ ላይ እጅ አንስቶ መሳፈርን ብዙ ሰው እየተወ፣ በእግሩ አሥር ደቂቃ ወደ ኋላ ሄዶ ተራው ላይ ይሰለፋል። ወደ ተራው ስትመጡ ሰልፉ ለምን እንዲህ እንደረዘመ ይገርማችኋል። ከፊሉን ያረዘመው ሌብነቱ ነው።

ነገሩን ከተማው ራሱ አንድ ጊዜ አምኗል። በ2011 ዓ.ም. ክረምት አዲስ አበባ ውስጥ ያለ ልዩ ፈቃድ ሞተር ሳይክል ማሽከርከር ሲከለከል፣ ከምክንያቶቹ ዋናው በሞተር እየተደረገ የሚፈጸም ንጥቂያና ወንጀል ነበር። ተመልከቱ፤ ይህ የትራፊክ መጨናነቅ ውሳኔ አልነበረም። አንድ የመጓጓዣ ዓይነት ከሞላ ጎደል በፍርሃት ምክንያት ከመንገድ ወረደ። በሞተር ዳቦውን ይበላ የነበረው ወጣት ምን ይሁን የሚለው ሌላ ጣጣ ነው፤ ዛሬ አልገባበትም።

በስልክ የሚጠሩት ታክሲዎችስ? ራይድ፣ ፈረስና መሰሎቻቸው የገቡት "ምቾት" ተብለው ነው። እኔ ግን የማውቃቸው ሴቶች ለምቾት ሲከፍሉ አላየሁም። የሚከፍሉት ለሰሌዳው ነው። የሹፌሩ ስም አለ፣ ስልኩ አለ፣ ሰሌዳው አለ። ገና ሳይገቡ ለእህታቸው፣ ለባለቤታቸው ይልኩታል። "ገብቻለሁ" የምትል አጭር መልእክት ትከተላለች። ያች መልእክት ናት ዋጋው።

ዋጋው ደግሞ የሚኒባሱን ብዙ እጥፍ ነው። ካዛንቺስ አካባቢ አስተናጋጅ ሆና የምትሠራ ልጅ በሳምንት ሁለት ምሽት ራይድ ከጠራች የሳምንቱ የታክሲ ሒሳቧ ሄደ። ስለዚህ ሦስት አራት ሆነው ያዋጣሉ። ይህን ነገር አንድ ምሽት አብሬያቸው ተሳፍሬ ነው ያየሁት። መኪናው ከመምጣቱ በፊት ክርክር ነበር። የሒሳብ ክርክር መስሎኝ ነበር፤ አልነበረም። "መጨረሻ የምትወርደው ማን ናት?" ነው ጉዳዩ። መጨረሻ የምትወርደው ከሹፌሩ ጋር ብቻዋን ትቀራለች። በተራ ነው የሚያደርጉት። ትናንት እሷ ከሆነች ዛሬ ሌላዋ። አንዳንዴ መኪናው ዞሮ ረጅሙን መንገድ ይሄዳል፣ ብርም ይጨምራል፣ ተራው እንዳይዛባ ብቻ። እኔ የኪሎሜትርና የነዳጅ ሰንጠረዥ ስሠራ የኖርኩ ሰው ነኝ። እንዲህ ያለ መስመር በየትኛውም ሞዴል አይወጣም።

የመንግሥት ሠራተኛው ሰርቪስ አለው። ትልልቅ ድርጅቶችም ለሠራተኞቻቸው ሰርቪስ ይመድባሉ። ሰርቪስ የሌለው ማነው? ካፌ፣ ምግብ ቤት፣ ሱቅ፣ ፀጉር ቤት፣ ጽዳት። ማለትም ማታ የሚወጣው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማንሳት ግድ ነው። በ2017 ዓ.ም. የከተማ አስተዳደሩ በዋና ዋና መንገዶች ዳር ያሉ ንግድ ቤቶች እስከ ምሽቱ 3:30 ክፍት እንዲሆኑ ደንብ አውጥቷል። ሐሳቡን እደግፋለሁ። ከተማ በ1 ሰዓት መተኛት የለበትም፤ ክፍት ሱቅ ካለበት ጎዳና ይልቅ ጨለማው ጎዳና እንደሚያስፈራም እናውቃለን። ግን ሱቁን የሚዘጋው ማነው? ባለቤቱ በመኪናው ሄዷል። መዝጊያውን የምታወርደው ደሞዝተኛዋ ልጅ ናት። 3:30 ዘግታ፣ ቁልፉን አስረክባ፣ 4 ሰዓት ሊሆን ሲል መንገድ ላይ ናት። መኖሪያዋ ደግሞ እንደ ድሮው ፒያሳ ጀርባ አይደለም፤ ከከተማው ዳር፣ ኮየ ፈጬ ወይም ቱሉ ዲምቱ ሊሆን ይችላል። የእኛን የምሽት ደኅንነት የምትጠብቅልን በራሷ ምሽት ከፍላ ነው።

ስለ ኮሪደር ልማቱ ሳላነሳ ብቀር ጥያቄ እንደሚመጣብኝ አውቃለሁ፤ አሁኑኑ ልበለው። መብራቱ መጥቷል። የእግረኛ መሄጃው ሰፍቷል። ከአራት ኪሎ ፒያሳ ማታ በእግሬ ሄጃለሁ፤ ድሮ የማላደርገው ነው። እግሬ ጉድጓድ አይፈልግም፣ ዓይኔ ጥግ ጥጉን አይፈትሽም። ይህን መካድ ንፉግነት ነው፤ በተለይ በከተማችን ከሚደረጉ ጉዞዎች ከግማሽ በላይ በእግር መሆናቸውን ለሚያውቅ ሰው።

ነገር ግን ከመብራቱ ሥር ማን አለ? ድሮ በዚያ መንገድ ጥግ ላይ በቆሎ የምትጠብስ ነበረች። ሶፍትና ማስቲካ የሚያዞር ነበር። ጀብሎ ነበር። ሊስትሮ ነበር። የቆሸሸ ጥግ ነው ልትሉ ትችላላችሁ፤ እውነት ነው። ግን በቆሎ ጠባሿ ሁሉንም ታያለች። "አንቺ ልጅ፣ ያ ልጅ እየተከተለሽ ነው፣ እዚህ ቁሚ" የምትለው እሷ ናት። እኔን አንድ ጊዜ ብላኛለች። አጠገቧ ቆሜ አንድ በቆሎ በላሁ፣ ልጁ አለፈ። አሁን ያለው ሰፊ፣ ንጹሕ፣ የሚያበራ መንገድ ነው፤ አንዳንዱ ቦታ ላይ ደግሞ በዚያ ሰዓት ሰው የለም። መብራት ሌባውን ያሳያል። የሚጮኽልኝ ግን ሰው ነው።

አንድ ነገር ልጨምርና ወደ ሌሎች አገሮች እሄዳለሁ። ቀለበት መንገድ ላይ የእግረኛ ድልድዮች አሉ። ማታ ማታ ብዙ ሰው በድልድዩ አይሄድም፤ አጥር ዘሎ አስፋልቱን ያቋርጣል። ሁላችንም "ሕግ የማያከብር ሕዝብ" እንላለን። እስቲ አንድ ምሽት ድልድዩ ላይ ውጡ። ሁለት ጫፍ፣ መሐሉ ጨለማ፣ ከሁለቱም ወገን ሰው ቢመጣባችሁ መሸሻ የለም። ሰውየው ከመኪና እና ከማጅራት መቺ አንዱን እየመረጠ ነው። መኪናውን ይመርጣል፤ ቢያንስ መብራት አለው። አዲስ አበባ ውስጥ በትራፊክ አደጋ ከሚሞቱት አብዛኞቹ እግረኞች ናቸው። ከእነሱ ውስጥ ድልድዩን ፈርቶ አስፋልት የገባው ስንት እንደሆነ የሚጠይቅ ቅጽ ግን እስካሁን አላየሁም። ቅጹ ላይ ያለው "የእግረኛ ጥፋት" የሚል ሳጥን ነው።

የእኛ ጉዳይ ብቻ አይደለም። የዓለም ሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው ሪፖርት፣ በማደግ ላይ ባሉ አገሮች ሴቶች ወደ ሥራ እንዳይገቡ ከሚያደርጉት ነገሮች ትልቁ የትራንስፖርት እጦትና የደኅንነቱ ጉዳይ ነው ብሏል። የመሥራት ዕድላቸውን በ16.5 የመቶኛ ነጥብ ይቀንሰዋል። አስቡት፤ ከትምህርት ማነስ ወይም ከሌላ ነገር በፊት የመጣው መንገዱ ነው።

ዴልሂን ደግሞ ውሰዱ። ጊሪጃ ቦርከር የተባለች የኢኮኖሚ ባለሙያ የዴልሂ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን አጥንታለች። ሴቶቹ የሚወስደው መንገድ ይበልጥ ደኅና ነው ብለው ካመኑ፣ የተሻለውን ኮሌጅ ትተው በደረጃ ዝቅ ያለውን እንደሚመርጡ አገኘች። ደኅንነቱ ለተሻለ መንገድ ከወንዶቹ ይልቅ በዓመት 18,800 ሩፒ ያህል አስበልጠው ለመክፈልም ፈቃደኞች ነበሩ። ወንዶቹ ወደዚያ አይጠጉም። ይህን ሳነብ አንዲት የማውቃት ልጅ ትዝ አለችኝ። ስድስት ኪሎ የማታ ትምህርት ተቀብለዋት ነበር። ክፍሉ ሲለቅ እንዴት እንደምትመለስ ቤተሰብ ቁጭ ብሎ ተመካከረ። አባቷ "እኔ እየመጣሁ እወስዳታለሁ" አለ፤ አንድ ወር ቻለ፣ ከዚያ ደከመው። አሁን ቤቷ አጠገብ ያለ ኮሌጅ ነው የምትማረው፣ በማትፈልገው ትምህርት። የትምህርት ሚኒስቴር መዝገብ ላይ የእሷ ጉዳይ "ፍላጎት" ይባላል።

ዴልሂ ከእ.ኤ.አ. 2010 ጀምሮ በሜትሮ ባቡሩ የመጀመሪያውን ፉርጎ ለሴቶች ለይቷል። ካይሮም ሜትሮው ላይ የሴቶች ፉርጎ አለው። መጥፎ አይደለም፤ ግን ከባቡሩ ሲወርዱ ፉርጎው አብሮ አይወርድም። እ.ኤ.አ. በ2012 መጨረሻ ዓለምን ያስደነገጠው የዴልሂው የአውቶቡስ ወንጀል የተፈጸመው ፉርጎው ከተለየ በኋላ ነው፤ የመደበኛ መስመር ባልሆነ የግል አውቶቡስ ውስጥ። ሿሿ የሚሠራው መኪናም የሚኖረው እንዲህ ባለው ቀዳዳ ውስጥ ነው። ይልቅ የወደድኩት በኋላ ያደረጉትን ነው። ከጥቅምት 2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሴቶች በከተማው አውቶቡስ በነፃ እንዲሄዱ ተደረገ። አውቶቡሱ ውስጥ ሴት በዛ። ሴት ስትበዛ ለሚቀጥለዋ ሴት መግባት ቀለላት። ፉርጎ ከመለየት ይህ ይሻላል ባይ ነኝ።

ኪቶ፣ ኢኳዶር፣ ሌላ ነገር ሞክረዋል። አውቶቡስ ውስጥ ትንኮሳ የደረሰባት ሴት በስልኳ አጭር መልእክት ከአውቶቡሱ ቁጥር ጋር ትልካለች። ወዲያው በአውቶቡሱ ድምፅ ማጉያ ማስታወቂያ ይሰማል። የነካካት ሰው ሁሉም እንደሚፈልገው ያውቃል። የእኛ ታክሲ ድምፅ ማጉያ የለውም፤ የረዳቱ ጉሮሮ ግን ከማንኛውም ድምፅ ማጉያ ይበልጣል።

ወንድሞቼ፣ እናንተን የረሳኋችሁ እንዳይመስላችሁ። ማጅራት መቺ ጾታ አይመርጥም። ሌሊት ተረኛ ጥበቃ፣ ዳቦ ጋጋሪ፣ ተማሪ ሆናችሁ ተነጥቃችሁ ታውቃላችሁ። ልዩነቱ እናንተ የምትፈሩት ለስልካችሁ መሆኑ ነው፤ እሷ የምትፈራው ለሁሉም ነው። ደግሞም በቀን በብርሃን፣ አሥራ ሁለት ሰው በተቀመጠበት ታክሲ ለከፋ ሲጀመር ሁላችንም ወደ መስኮት ዞረን የምናየው ነገር ምንድን ነው? እኔ እስካሁን አልገባኝም።

ምን ይደረግ? ከሰፊው እቅድ ይልቅ በእጃችን ያለውን ልናገር። ተራ አስከባሪዎች የታክሲውን ተራ በወረቀት ይይዛሉ። ያ ወረቀት በቀኑ መጨረሻ ይጣላል። ሰሌዳና ሰዓት ተጽፎበት ለአንድ ወር ቢቀመጥ፣ ከተራ የወጣ መኪና ሁሉ የሚታወቅ መኪና ይሆናል። ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ እስክሪብቶና ትንሽ ትዕግሥት ነው።

ሁለተኛ፣ "ወራጅ አለ" ስንል ሹፌሩ ከፌርማታ ውጪ ካወረደ ይቀጣል፤ በቀን ልክ ነው። ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ ግን ተሳፋሪ መብራት ያለበት ሱቅ ፊት ለፊት ልውረድ ካለ መፈቀድ አለበት። ከፌርማታው እስከዚያ ያለው ሁለት መቶ ሜትር ነው ሰውን ቤት የሚያስቀረው።

ንግድ ቤቶችን እስከ 3:30 ክፈቱ ያለ ደንብ ደግሞ፣ ዘግቶ የሚወጣው ሠራተኛ እንዴት እንደሚሄድም ይበል። አንድ ሕንፃ ላይ ያሉ ሱቆች ተዋጥተው አንድ ሰርቪስ መያዝ አያቅታቸውም። የጥበቃና የጽዳት ወጪ በጋራ ይከፍሉ የለም እንዴ?

በቆሎ ጠባሿንም መልሱልኝ። ወንበር ስጧት፣ የቆሻሻ ቅርጫት ስጧት፣ መታወቂያ ስጧት፣ ከፌርማታው አጠገብ አስቀምጧት። ንጽሕናውን ትጠብቃለች ብዬ እፈርማለሁ።

ለባልደረቦቼ የምለው አንድ ብቻ ነው። በሚቀጥለው ጥናት ላይ "ስንት ደቂቃ ጠበቁ?" ከሚለው ሥር አንድ ጥያቄ ጨምሩ። "መጥቶ ያሳለፉት ታክሲ አለ? ለምን?" መልሱ የሪፖርቱን መደምደሚያ ይለውጠዋል።

ከበሩ በስተግራ ጠረጴዛ ላይ የመሐል ከተማ ካርታ ዘርግቻለሁ፤ ከለገሃር እስከ ፒያሳ፣ ከሜክሲኮ እስከ ካዛንቺስ። ከጎኑ ሁለት ዓይነት እስክሪብቶ አለ። በመሸ ጊዜ የማትሄዱበትን መንገድ በቀይ አስምሩ። በሱ ፈንታ የምትሄዱበትን በሰማያዊ። ስም አይጻፍም። ወንዶችም አስምሩ፣ አትፈሩ። ካርታውን ነገ ጠዋት ቢሮ ይዤው እገባለሁ፤ ከዋናው የመንገድ ፕላን ጎን እሰቅለዋለሁ።

አመሰግናለሁ።